ዛሬ ከማን እንስረቅ?

ጡረታ የወጣሁ ዕለት መሥሪያ ቤቱ ሽኝት አደረገልኝ። ኬክ ተቆረሰ፣ ጋቢ ተሸለምኩ፣ አለቃው ስሜን ሁለት ጊዜ ተሳስተው በሦስተኛው አገኙት። ከመድረኩ በላይ ግድግዳውን የሚያክል ባነር ተሰቅሏል። በማሽን የታተመ ነው፤ የቀለም ሽታ እንኳን የለውም። «ወይዘሮ ወይንሸት፣ እናመሰግናለን» ይላል፣ ከጽሑፉ አጠገብ ደግሞ የእኔ ፎቶ አለ። ፎቶው ከጎን የተነሣ ነበር፤ አንድ ዓይን፣ አንድ ጆሮ፣ ግማሽ ፈገግታ።

ሳየው ሳቄ አመለጠኝ። እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። ሰው ሆዷ ባብቶ ነው ብሎ አጨበጨበልኝ። ባነሩን ያሠራችው የቢሮ ባልደረባዬ ሶስና ግን ነገሩ አላማራትም፤ ጠጋ ብላ በጆሮዬ «እትዬ፣ ፎቶው አልወጣም እንዴ? ላስቀይረው?» አለችኝ። «ቆይ፣ ነገሩ ረጅም ነው፤ እነግርሻለሁ» አልኳት። ለእሷ ብዬ የጀመርኩት ወሬ ነው እንግዲህ እዚህ ወረቀት ላይ የመጣው።

እኔ በእጅ ስጽፍና ስሥል የኖርኩ ሠራተኛ ነኝ። የቅጥር ደብዳቤዬ «የቅስቀሳ ሥዕል ባለሙያ» ይለኛል፤ የጅጅጋ ሰው ግን «ቀለሟ» ይለኝ ነበር። ከደብረ ብርሃን ተነሥቼ ወደዚያ የሄድኩት ከሶማሊያ ጋር የተደረገው ጦርነት ካበቃ ብዙም ሳይቆይ፣ ግድግዳው ሁሉ በጥይት እንደተበሳሳ ነው። ደመወዙን አላነሣውም፤ እሱም አላነሣኝም። ጨርቅ መወጠር፣ ፊደል መለካትና ግድግዳ ማዘጋጀት የተማርኩት ግን እዚያ ነው። የጅጅጋ ነፋስ ቀለም የነካውን ነገር ሁሉ አሸዋ ሳያለብስ አያልፍም። እርጥብ ቀለም ወደ ነፋስ ማዞር እንደሌለብኝ የገባኝ፣ የጻፍኩት ማስታወቂያ እንደ ወንፊት ሻካራ ሆኖ ከደረቀ በኋላ ነበር።

የመጀመሪያ ምድቤ አይሻ ነበር። ባቡሩ ሲመጣ ከተማው ይነቃል፣ ሲሄድ ይተኛል። ተሳፋሪው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ የጻፍኩትን ጮክ ብሎ ያነብልኛል፤ የፊደል ስህተት ካለ ቶሎ ይነገረኛል ማለት ነው። ከዚያ ወደ ደምበል ተላክሁ። እዚያ በአቡጀዲ ላይ «ከሁሉም በፊት ሥራ ይቅደም» ብዬ ጻፍኩ። ጨርቁ እንዲወጠርልኝ በዱቄት ሙጫ ቀብቼው ነበር። ምሳ በልተን ስንመለስ ፍየሎች ሙጫውን ከነጨርቁ በልተውት፣ የቀረችው «ይቅደም» የምትለዋ ብቻ ሆነች። ፍየሎቹ ምሳቸውን አስቀድመዋል። ከዚያ ወዲያ በዱቄት ሙጫ ሠርቼ አላውቅም።

በኋላ ወደ ጅጅጋው ዋና ቢሮ ተዛወርኩ። አለቃችን ጓድ ንጉሤ ይባላሉ፤ ችኩል፣ ፈሪና ደግ ሰው ነበሩ። ሦስቱም በአንድ ጊዜ ይታዩባቸዋል። ስብሰባ በደረሰ ቁጥር ላብ ላብ ይላቸዋል፤ ግን ሠራተኛ ታሞ ከቀረ እራሳቸው ሾርባ ይዘው ይሄዱ ነበር።

ጋሽ መኩሪያ የመጡት በሰባዎቹ አጋማሽ ነው። በአንድ እጃቸው ሻንጣ፣ በሌላው ባዶ ጀሪካን ይዘዋል። ጀሪካኑን ለውሃ መስሎኝ ልቀበላቸው ስል «ተዪው፣ ወንበሬ ነው» አሉኝ። ሥዕል ሲያዩ የሚቀመጡት እሱን ገልብጠው ነበር። በወጣትነታቸው ውጭ አገር ተምረው የመጡ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ስማቸው የገነነ ዘመናዊ ሠዓሊ ነበሩ። ክብ፣ ሦስት ማዕዘን፣ በጨርቁ ላይ የተደፋ ቀለም፤ ያኔ እንዲህ ያለውን ነበር የሚሠሩት። ሰው የሚመስል ሰው ሥለው አያውቁም። ጊዜው ሲለወጥ ክቡም ሦስት ማዕዘኑም ፈላጊ አጣ፤ እሳቸውም መፈክር እንዲሥሉ ወደ እኛ ተላኩ። ቅጣት ይሁን ምድብ አልጠየቅናቸውም።

እንደደረሱ መጋዘኑን ከፈትኩላቸው። ያለን ቀለም ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር፣ ከተገኘም ሰማያዊ ነበር። ያዝናሉ ብዬ ስጠብቅ ጀሪካናቸው ላይ ቁጭ ብለው ቆርቆሮዎቹን ረጅም ጊዜ አዩአቸው።

«ወይንሸት፣ እኔ ያደግሁበት ደብር ግድግዳ ላይ የሣሉት ሰዎች ከዚህ የበለጠ ቀለም አልነበራቸውም እኮ» አሉኝ። «ከውጭ ስመለስ ሄጄ አየሁትና ሳቅሁባቸው። ጥላ የለው፣ ርቀት የለው ብዬ። እዚህ አገር ቀትር ላይ ውጭ ወጥተሽ አይተሻል? ጥላ የት አለ?»

ከማግስቱ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ቢሮ ሲገቡ ከሰላምታ ቀድሞ የሚመጣው «ዛሬ ከማን እንስረቅ?» የሚለው ጥያቄያቸው ሆነ። ጓድ ንጉሤ የመጀመሪያውን ቀን ሲሰሙ በሩን ዘግተው መጡ። በኋላ ግን ለመዱት። ጋሽ መኩሪያ የሚሰርቁት ከድሮ ባለሙያዎች ነው። የወሰዱትን አይደብቁም፤ ሥዕሉ ሲያልቅ ጣታቸውን እያስነኩ ባለቤቱን ይጠራሉ። «ይህ ጥቁር ዙሪያ መስመር የእነዚያ ስማቸውን ያልጻፉ ሰዎች ነው» ይላሉ። ስም ባያውቁ እንኳ ባለቤት አለው።

ሥራ ሲጀምሩ ሁልጊዜ ከዓይን ነበር። ፊቱ ገና ሳይኖር ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ባዶ ግድግዳ ላይ ተቀምጠው ያዩሻል። «ድሮ ዓይን ከሁሉ ይቀድማል» ይሉኛል፣ ከዚያ የማውቀውን ነገር እንደ አዲስ ያስረዱኛል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደግ ሰው ፊት ለፊት ይሣላል፤ ሁለት ዓይኖቹ ይታያሉ። ክፉው፣ ከሃዲው፣ ሰይጣኑ ግን በጎን ስለሚሣል አንድ ዓይን ብቻ ይኖረዋል። ደገኛ ክርስቲያን ሁሉ ይህን ማንም ሳያስተምረው፣ በልጅነቱ ቅዳሴው ሲረዝምበት ግድግዳ ላይ እያፈጠጠ ያወቀው ነገር ነው። እኔም በዚያው መንገድ ነው ያወቅሁት።

ሁለተኛዋ የሚሰርቁባቸው ባለሙያ ቀብሪበያ የሚኖሩ ሴት ነበሩ። ኤዶ ሐሊማ እንላቸዋለን፤ ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው። ለአርብቶ አደር ቤት የሚሆን ሰሌን ይሠራሉ፣ ጅጅጋ ገበያም ያመጡታል። ጋሽ መኩሪያ ለሥራ ቀብሪበያ በሄድን ቁጥር ጀሪካናቸውን ከበራቸው ላይ ገልብጠው የግመል ወተት ያለበት ሻሂ እየጠጡ እጃቸውን ያያሉ። ኤዶ ሐሊማ መጀመሪያ ሊገዛ የመጣ ነጋዴ መስሏቸው ዋጋ ሲጠሩ ነበር። ሰውየው የሚፈልገው ማየት ብቻ እንደሆነ ሲገባቸው፣ ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ስለምሠራ ለእኔ አዘኑልኝ።

አንድ ቀን እንዲሁ ተቀምጠን ሳለ ኤዶ ሐሊማ ጥቁር መግባት ያለበት ቦታ ቀይ ማስገባታቸውን አዩ። ተሳስተው ብዙ ርቀው ሄደዋል። እኔ ችኩል ነኝና «ልፍታው?» ብዬ እጄን ሰደድኩ።

«ናያ! አንቺ፣ አትንኪው!» ብለው እጄን መታ አደረጉኝ። «ከፈታሽው ይላላል። እዚያ ማዶም ቀይ አድርጊ። ሁለት ሲሆን ስህተት የለም፣ ጌጥ ነው።»

ሰሌኑን አዙረው በወዲያኛው ጫፍ፣ በትክክል አንጻሩ፣ ቀይ አስገቡ። ጋሽ መኩሪያ ሻሂያቸው እስኪቀዘቅዝ አዩአቸው። ወደ ጅጅጋ ስንመለስ መኪናው ውስጥ ጥለቱን በጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ሲሥሉ ነበር።

የከተማው መሰብሰቢያ አዳራሽ ግድግዳ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከከተማው ዳር አዲስ ቢርካ፣ ማለትም በሲሚንቶ የተለሰነ የውሃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ተሠርቶ ነበር፤ እሱን የሚያሳይ ሥዕል በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ይሠራ ተባለ። ጋሽ መኩሪያ ንድፉን በወረቀት ሠርተው አሳዩኝ። ሰዎች፣ ፍየሎችና ግመሎች ቢርካውን ከብበው ቆመዋል፤ ግመሎቹ ሳይቀሩ ፊት ለፊት፣ በሁለት ሁለት ዓይን ያዩናል። ዙሪያው የኤዶ ሐሊማ ሰሌን ጥለት ነው። በጎን የተሣለው ከጫፍ የቆመ አንድ ጅብ ብቻ ነበር፤ እሱ ድርቁ ነው።

«ሥዕል የሚባል ነገር ከሠራሁ ዘመን አለፈኝ» አሉኝ። «ይህቺ ግድግዳ ከወጣችልኝ ሌላ አልፈልግም፤ ስሜን እጽፍባታለሁ።» ጅጅጋ ከመጡ ጀምሮ የፈረሙበት ሥራ አልነበረም።

ወሩን ሙሉ ሠራን። ግድግዳውን ፍቀን፣ ልስኑን ጠግነን፣ ሙጫ አጠጥተን፣ ክር በሰማያዊ ዱቄት ነክረን እየወጠርን በማስፈንጠር በካሬ በካሬ ከፈልነው። ንድፉን ካሬ በካሬ እያሳደግሁ ወደ ግድግዳው የማሸጋግረው እኔ ነበርኩ። በዚህ ሥራ አልታማም፤ ትንሽም እኮራበት ነበር። ሥዕሉ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ጋሽ መኩሪያ ለሌላ ሥራ ወደ አይሻ ተጠሩ፣ በባቡሩ መዘግየት እዚያው ሰነበቱ። በዚህ መሐል ጓድ ንጉሤ ላብ ላብ እያላቸው መጡ። «የአውራጃው ጓድ አስተዳዳሪ ራሳቸው ይመርቁታልና መልካቸው ከሥዕሉ እንዳይጎድል» አሉኝ። ከሰልፍ ላይ የተነሣ አንድ ፎቶም ሰጡኝ። አስተዳዳሪው ወደ ጎን እያዩ ነው የተነሡት።

በካሬ ከፍዬ አሳደግኩት። የአፍንጫው መስመር ቁርጥ እሳቸውን ሆነ። የጆሮው ጥምዝ፣ የአንገትጌው ቁልፍ፣ ሁሉም ልክ ነበር። ርብራቡ ላይ ሆኜ ከግድግዳው ክንድ በማይሞላ ርቀት እየሠራሁ በእጄ እየተደነቅሁ ነበር። ከርብራቡ የወረድኩት ለምርቃቱ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። በሩ ላይ የከተማው መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ቆሟል። ግድግዳውን አየ፣ እኔን አየ፣ አፉን በእጁ ያዘ።

«ወይንሸት! ጓድ አስተዳዳሪን ከጅቡ ጋር አቆራኘሻቸው እኮ!»

ዞር ብዬ አየሁ። ሁለት ዓይን ያለው ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ ፍየልና ግመል ፊት ለፊት ያየኛል። በጎን የቆሙት ሁለት ብቻ ናቸው፤ በግራ ጅቡ፣ በቀኝ ጓድ አስተዳዳሪ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ከተማውን አዳረሰ። ደገኛው ወታደር፣ ጸሐፊውና ነጋዴው ሁሉ እያጮለቀ ይመጣል፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ይወጣል። የአገሩ ሰው ደግሞ ምን እንደሚያስቅ ግራ ገብቶት ይጠይቃል። ያ ዘመን ደግሞ እንዲህ ያለ ሳቅ ወዴት እንደሚያደርስ የማይታወቅበት ነበር። ጓድ ንጉሤ ደርሰው ሲያዩ ከንፈራቸው ነጣ።

«ኖራ!» አሉ። «ኖራ አምጡ! ግድግዳው ባዶ ሆኖ ይመረቅ። መኩሪያም ዕቃቸውን ይሸክፉ፤ እኔ ምን አጠፋሁ?»

ኖራው በበርሜል ተበጥብጦ ሳለ ነው ጋሽ መኩሪያ ከነአቧራቸው የደረሱት። ጀሪካናቸውን ከግድግዳው ፊት ገልብጠው ተቀመጡ። የወር ሥራ፣ ስማቸውን ሊጽፉበት የፈለጉት ብቸኛ ግድግዳ፣ በእኔ እጅ ለኖራ ተዳርጓል። ሥራ ላይ ብዙ አፍሬ አውቃለሁ፣ እንደዚያ ቀን ግን አላፈርኩም። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እሳቸውም ይስቁ ነበር።

«ምን ያህል ይመስላሉ በእናትሽ!» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ውጭ አገር ቢሆን አንድ ጉንጭ ላይ ሁለት ዓይን ደርድሬ እገላገል ነበር።»

«ጋሽ መኩሪያ፣ ልፋቀው?»

«ትናንት የተቀባ ዘይት ቀለም ነው፤ ብትፍቂው ጭቃ ይሆናል። ፊት ለፊት የሚያሳይ ፎቶስ አለሽ?»

አልነበረኝም። ያኔ ነው እጄ ላይ የኤዶ ሐሊማ ምት የተሰማኝ። «አንፍታው» አልኩ። «ማዶም ቀይ እናስገባ።»

ጋሽ መኩሪያ ቀስ ብለው ዞረው አዩኝ። ተነሡና ብሩሽ ከጆሮአቸው ላይ አወረዱ። «ጓድ ንጉሤ፣ ኖራውን እስከ ነገ ጠዋት ያቆዩልኝ» አሉ። ጓድ ንጉሤ የኖራውን በርሜል ከድነው ላዩ ላይ ተቀመጡ።

በቢርካው ወዲያና ወዲህ ባዶ ቢጫ መደብ ነበረን። እዚያ ላይ በጎን የቆሙ፣ ፊታቸውን ወደ ውሃው ያዞሩ ሰዎች መጨመር ጀመርን። ማንን እንሣል ሲባል ጋሽ መኩሪያ «መጀመሪያ እኔን» አሉ። መልካቸውን ንድፍ ሳልሠራ በቀጥታ ግድግዳው ላይ አወጣሁት። ቀኑ የገበያ ቀን ስለነበር ጋሽ መኩሪያ ገበያ ሄደው ኤዶ ሐሊማን ለመኑአቸው። መጡ፣ ነገሩን ሰሙ፣ ጅቡንም አስተዳዳሪውንም አዩና እንደ ልጅ ሳቁ። «ሀዬ፣ እሺ፣ ሥይኝ። ስሜን ግን አትጻፊ» ብለው በጎን ቆሙልኝ። መምህሩ ተጨመረ። ከዚያ ጋሽ መኩሪያ ብሩሹን ወደ በርሜሉ ጠቆሙ።

«እኔን?» አሉ ጓድ ንጉሤ። «እኔን በአንድ ዓይን?»

«ከጓድ አስተዳዳሪ ተለይተው ሊቀሩ ነው?»

ጓድ ንጉሤ አሰቡበት። ከዚያ ኮታቸውን አስተካክለው በጎን ዞሩ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨረስን።

በማግስቱ አዳራሹ ሞላ። መጋረጃው ተገለጠ። አዲሱ ቀለም እርጥብ ስለነበር ማንም እንዳይጠጋ በገመድ ከልለነዋል። ጓድ አስተዳዳሪ ሰፊና ዝምተኛ ሰው ነበሩ፤ የጎጃም ካህን ልጅ መሆናቸውን የሚያውቅ ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። ከራሳቸው ሥዕል ፊት ቆሙ።

«ይህ እኔ ነኝ?»

«አዎ፣ ጓድ» አሉ ጋሽ መኩሪያ።

«ሌላው ዓይኔስ?»

የጓድ ንጉሤ ትንፋሽ ሲቆራረጥ ከኋላዬ ይሰማኛል።

«ውሃውን እያየ ነው፣ ጓድ» አሉ ጋሽ መኩሪያ።

የአስተዳዳሪው ዓይን በሥዕሉ ውስጥ ተንከራተተ። ጋሽ መኩሪያን በጎን አገኙአቸው። ኤዶ ሐሊማን አገኙ። መምህሩን አገኙ። ከዚያ ደግሞ ኮታቸውን የቆለፉትን ጓድ ንጉሤን ሲያገኙ ጢማቸው ተንቀጠቀጠ።

«ንጉሤም ውሃውን እያየ ነው?»

«እያየሁ ነው፣ ጓድ!» አሉ ጓድ ንጉሤ፣ እንደ ወታደር ቀጥ ብለው።

አስተዳዳሪው በሳቅ ፈነዱ። «በሉ እንግዲህ፣ ከተኮነንም አብረን ነው» ብለው ሪባኑን ቆረጡ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ እኔ ደግሞ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ኤዶ ሐሊማ ከገመዱ ወዲህ ቆመው ራሳቸውን ለረጅም ጊዜ ከመረመሩ በኋላ «አፍንጫዬን አሳጥረሽዋል» ብለው ወቀሱኝ። በርሜል ሙሉው ኖራ ለቢሯችን አጥር ሆነ። ጋሽ መኩሪያ ከታች በቀኝ በኩል ስማቸውን ጻፉ፤ ከጻፉም በኋላ ቀለሙ እስኪደርቅ አልተነሡም።

ያ አዳራሽ ዛሬ የለም፤ ፈርሶ ሌላ ተሠርቶበታል። ጋሽ መኩሪያ ግን ከዚያ በኋላ መሣል አላቆሙም። ከቢሮ ሰዓት ውጭ፣ ከእርዳታ ስንዴ በተራረፈ የጨርቅ ከረጢት ላይ፣ በእነዚያው ጥቂት ቀለሞች ይሠሩ ነበር። መንግሥት ሊለወጥ ጥቂት ሲቀረው ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው ሥዕሎቹን ሊያሳዩ ተነሡ። ከመጫናቸው በፊት እቤታቸው ጠርተው በግድግዳው ዙሪያ ደርድረው አሳዩኝ። ጀሪካኑን ለእኔ ሰጥተው እሳቸው ቆሙ።

«እነዚህ ዓይኖች የእነዚያ ስማቸውን ያልጻፉ ሰዎች ናቸው» እያሉ ጣታቸውን ከሥዕል ሥዕል አሳለፉ። «ይህ ጥለት የኤዶ ሐሊማ ነው። ይህም የኤዶ ሐሊማ።»

በእያንዳንዱ ሥዕል ውስጥ፣ ፊት ለፊት ከሚያየን ሰው ሁሉ መካከል፣ አንድ ሰው በጎን ቆሟል። ፊቱን ወደ ውሃ፣ ወደ ዛፍ ወይም ወደ መንገድ አዙሯል። ክፉ ሰው አይመስልም። ሌሎቹ እኛን ያያሉ፣ እሱ ሥራውን ያያል።

«ይህንንስ ከማን ሰረቁት?» አልኳቸው።

«ከአንቺ ነዋ!»

«እኔ እኮ ተሳስቼ ነው፣ ጋሽ መኩሪያ።»

«እነሱስ ሳይሳሳቱ የጀመሩት ይመስልሻል?» አሉና ጣታቸውን በዚያ በጎን በቆመው ሰው ላይ አሳረፉ። «ይህ የወይንሸት ነው» አሉ። ወደሚቀጥለው አለፉ። «ይህ የወይንሸት ነው።» አንዱንም ሳይዘሉ እስከ መጨረሻው ጠሩት። ደስ አለኝ። ብዙ ምስጋና ተጽፎልኝ፣ ብዙ ተጨብጭቦልኝ ያውቃል፤ የዚያን ቀን ያህል ግን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ከዚያ ወዲያ አልተገናኘንም። እሳቸው አዲስ አበባ ገቡ፣ ጀሪካኑ እኔ ዘንድ ቀረ፤ ዕረፍታቸውን የሰማሁት እዚያው ጅጅጋ ሆኜ ነው።

ይህን ሁሉ ለሶስና ስነግራት የሽኝቱ ሰው ሄዶ አልቋል፣ ጠረጴዛው ላይ የኬክ ፍርፋሪ ብቻ ቀርቷል። ባነሩን ልታወርደው ወንበር ላይ ወጥታ ጫፉን ይዛለች።

«ታዲያ ፎቶውን ላስቀይረው አይደል፣ እትዬ?»

«ተዪው» አልኳት። «ውሃውን እያየሁ ነው።»